ረግረግ ላይ የቆመው ካቴድራል

የዊንቸስተር ካቴድራል የተሠራበት ቦታ ካቴድራል የሚችል ቦታ አልነበረም። ከለንደን በስተደቡብ ምዕራብ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው በዚህች የእንግሊዝ ከተማ ኢችን የሚባል ወንዝ ያልፋል። የወንዙ ዳር ሜዳ ላዩን ሲያዩት ለጥ ያለ ለምለም ሣር ነው፤ ጥቂት ሲቆፍሩት ግን ውሃ ይመጣል። ከውሃው ጋር የሚወጣው ደግሞ በሺህ ዓመታት የተጠራቀመ የበሰበሰ ሥራሥርና ቅጠል፣ ሲረግጡት እንደ ስፖንጅ የሚሟሽሽ ጥቁር አፈር ነው። ክብደት የሚሸከመው የጠጠር ንጣፍ የሚገኘው ከዚያ ሁሉ በታች፣ ስድስት ሜትር ያህል ወርዶ ነው። የ11ኛው መቶ ዘመን ግንበኞች ውሃውን አልፈው እዚያ የሚደርሱበት ዘዴ አልነበራቸውም።

ታዲያ ለምን እዚያው ሠሩት ቢሉ፣ ቦታው አስቀድሞ የከበረ ስለነበረ ነው። በ7ኛው መቶ ዘመን የተሠራ ቤተ ክርስቲያን ነበረበት፤ የዌሴክስ ነገሥታት ተቀብረውበታል፤ በ9ኛው መቶ ዘመን የከተማዋ ጳጳስ የነበሩት የቅዱስ ስዊዘን ዐፅምም ያረፈው እዚያው ነበር። ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተሾሙት ጳጳስ ዋልከሊን በ1079 ከአሮጌው ቤተ ክርስቲያን ጎን አዲሱን አስጀመሩ። በ1093 መነኮሳቱ ገቡበት፤ አሮጌውም ፈረሰ።

ስለ ጣሪያው እንጨት አንድ ትረካ አለ። ንጉሥ ዊልያም ቀዳማዊ ለጳጳሱ፣ አናጺዎችህ በአራት ቀንና ሌሊት መቁረጥ የሚችሉትን ያህል ከደኔ ውሰድ ብለው ፈቀዱ። ዋልከሊን በአገሩ ያገኙትን ጠራቢ ሁሉ ሰብስበው ደኑን በሙሉ ጨፈጨፉት። ንጉሡ መንገድ ሲያልፉ የሚያውቁትን ደን ቢያጡት በንዴት ጦፉ፤ ጳጳሱም እግራቸው ላይ ወድቀው ታረቁ ይባላል። እንዲህ ያለውን ሰው የመሬቱ እርጥበት ያስቆመዋል ብሎ ማሰብ ሞኝነት ነው።

መሬቱ ግን አልተኛም። በ1100 የዊልያም ልጅ ንጉሥ ዊልያም ሩፈስ አደን ላይ ሳሉ በቀስት ተወግተው ሞቱ፤ አስከሬናቸውም ከካቴድራሉ መካከለኛ ማማ ሥር ተቀበረ። ቤተ ክህነቱን ያስመረሩ ንጉሥ ነበሩና፣ ማማው በ1107 ሲደረመስ ሕዝቡ ጥፋቱን ለእሳቸው ሰጠ፤ እንዲህ ያለ ኃጢአተኛ እዚያ መቀበር አልነበረበትም አለ። በዚያው ዘመን የኖረው ታሪክ ጸሐፊ ዊልያም ዘማልምስበሪ ግን ንጉሡ ባይቀበሩበትም ሥራው ደካማ ነበርና መውደቁ አይቀርም ነበር የሚል አስተያየት ጽፏል። መነኩሴ ሆኖ እንዲህ መጻፉ ያስገርማል።

የዚያ አደጋ ምልክት ዛሬም በዓይን ይታያል። ካቴድራሉ ከላይ ሲታይ የመስቀል ቅርጽ አለው። ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ በተዘረጉት ክንፎቹ ውስጥ የኖርማኖቹ ሥራ እንዳለ ተቀምጧል፤ ክብ ቅስቶች በሦስት ደርብ ተደራርበው፣ ጌጥ የሌለው ወፍራም ግድግዳ። ወደ ግድግዳው ቀርቦ ያየ ሰው ሁለት ዓይነት የግንበኛ እጅ ይለያል። በዋልከሊን ጊዜ በተሠራው በኩል በድንጋይና በድንጋይ መካከል ያለው የኖራ መጋጠሚያ ሰፊና ወጣ ገባ ነው። ከ1107 በኋላ የተሠራው ግን ጠርዙ ተስተካክሎ የተጠረበ ስለሆነ መጋጠሚያው ቀጭን ነው። ማማውን የሚሸከሙት አዳዲስ ዓምዶችም ከሚገባው በላይ ደንድነው መተላለፊያውን አጥብበውታል። ማማው ራሱ አጭርና ድፍን ነው። እንግሊዝ ሰማይ የሚወጉ ማማዎች ያሏቸው ካቴድራሎች ሞልተዋታል፤ ይኸኛው ከሩቅ ሲታይ አንገት የሌለው ነው ማለት ይቻላል፤ አንዴ የደነገጡ ሰዎች ሥራ መሆኑ ያስታውቃል።

የምዕራቡ በኩል ሌላ ዓለም ነው። በ14ኛው መቶ ዘመን የተሾሙት ጳጳሳት፣ በተለይ ዊልያም ዘዊከም፣ ከባዱን የኖርማን አዳራሽ በዘመኑ ወግ ሊለውጡት ፈለጉ፤ ሥራው ከ1394 ጀምሮ ለዋናው ግንበኛ ዊልያም ዊንፎርድ ተሰጠ። ዊንፎርድ ሁሉንም አፍርሶ እንደገና አልጀመረም። የኖርማኖቹን ዓምዶች በቆሙበት እየጠረበና አዲስ ድንጋይ እያለበሰ ቀጥ ብለው ወደ ላይ የሚወጡ ቀጫጭን መስመሮች አወጣላቸው፤ በላያቸውም የሾለ ቅስትና እንደ ጎድን አጥንት የተዘረጋ የድንጋይ ጣሪያ አሳረፈ። ዛሬ ጎብኚው ቀና ብሎ የሚያደንቀው ያ ለስላሳ ዓምድ ሆዱ ውስጥ የ300 ዓመት ታላቁን ይዟል። ከእንግሊዝ የድንጋይ ሥራዎች ሁሉ እኔ ይህን አስበልጣለሁ። ሕንፃው ከጫፍ እስከ ጫፍ 170 ሜትር ያህል ነው፤ ከአውሮፓ ረጃጅም ካቴድራሎች አንዱ ነው።

ውስጡ ያለው ቅርስ ለብቻው መጽሐፍ ይወጣዋል። በ12ኛው መቶ ዘመን የተጻፈው የዊንቸስተር መጽሐፍ ቅዱስ 250 ያህል ጥጃዎች ቆዳ የፈጀ የብራና ሥራ ነው፤ ጽሑፉ የአንድ ጸሐፊ እጅ ነው፣ ሥዕሎቹ ግን ሳያልቁ ቀርተዋል። የጥንት ነገሥታትን ዐፅም የያዙ ሣጥኖችም አሉ። በ1642 በእንግሊዝ የእርስ በርስ ጦርነት የፓርላማው ወታደሮች ሣጥኖቹን ከፍተው፣ በአጥንቱ የመስኮት መስታወት ሰባብረውበታል። በምዕራቡ ትልቅ መስኮት ላይ አሁን የሚታየው ያኔ የተሰባበረው ቁርጥራጭ እንደመጣ ተገጣጥሞ ነው፤ ወጥ ሥዕል የለውም፣ የቀለም ቅልቅል ነው። በ1817 የተቀበረችው ደራሲ ጄን ኦስተንም እዚያ ናት፤ የመጀመሪያው የመቃብር ድንጋይዋ ልብ ወለድ መጻፏን አይናገርም።

አሁን ወደ መሬቱ እንመለስ። በ13ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ጳጳስ ጎድፍሬይ ደ ሉሲ ካቴድራሉን ወደ ምሥራቅ ሲያስረዝሙት ግንበኞቹ ጠጠሩ ጋ መድረስ አልቻሉም። ስለዚህ ግንድ በግንድ ላይ አጋድመው አነጠፉና ድንጋዩን በዚያ ላይ አቆሙት። እንጨት ውሃ ውስጥ እስካለ ድረስ ቶሎ አይበሰብስም፤ ዘዴው ሙሉ በሙሉ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ከግንዱ ሥር ያለው ለስላሳ አፈር በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት ሲሰጥ ኖረ። በ1905 የምሥራቁ ግድግዳ ወደ ውጭ ተጋድሞ፣ ትልልቅ ስንጥቅ ታይቶበት፣ ከጣሪያው ድንጋይ ይወድቅ ጀመር።

አርክቴክቱ ቶማስ ጃክሰን ከግድግዳው ሥር ጉድጓድ አስቆፍሮ እስከ ጠጠሩ ለመገንባት አቀደ። ጉድጓዱ ውሃ ሞላው። ውሃው በፓምፕ ሲሳብ አፈሩን ይዞ ስለሚወጣ ግድግዳው ይብስ የሚሰምጥ ሆነ። መሐንዲሱ ፍራንሲስ ፎክስ ያመጣው መላ ውሃውን እንዳለ ትቶ ሰው ማስገባት ነበር። ዊልያም ዎከር የተባለ ጠላቂ ከ1906 እስከ 1911 ከካቴድራሉ ሥር ሠራ። ልብሱ፣ የናስ ቆቡና የእርሳስ ጫማው ተደምረው 90 ኪሎ ገደማ ይመዝናሉ። ውሃው በአፈሩ ጠቁሯልና መብራት አይረባም፤ የሚሠራው በእጁ እየዳሰሰ ነበር። የቀረውን ጥቁር አፈር ጠርጎ ጠጠሩ ሲወጣ ኮንክሪት የሞላ ከረጢት ያነጥፋል፣ ቀድዶ ሌላ ይደርባል፣ እያለ ወለሉን ይደፍነዋል። ከዚያ በኋላ ውሃው ያለ ስጋት ይሳባል፤ ግንበኞች ወርደው በጡብ እስከ አሮጌው ግድግዳ ድረስ ያያይዙታል፤ እሱም ወደ ቀጣዩ ጉድጓድ ያልፋል። ምሳውን ለመብላት ወጥቶ የሚያወልቀው ቆቡን ብቻ ነበር፤ ሙሉ ልብሱን ማውለቅና መልበስ ብዙ ጊዜ ይፈጃል። በጠቅላላው ከ25,000 በላይ የኮንክሪት ከረጢት፣ 115,000 ገደማ የኮንክሪት ብሎክና 900,000 ጡብ ገብቷል።

ጁላይ 15 ቀን 1912፣ በቅዱስ ስዊዘን በዓል፣ ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ በተገኙበት የምስጋና ጸሎት ሲደረግ ዎከርም ነበረ። በ1918 በኅዳር በሽታ ሞተ። በ1960ዎቹ ለመታሰቢያው ሐውልት ተሠራለት፤ ቀራጺው ግን በተሰጠው ፎቶግራፍ ላይ ሰው አሳስቶ ኖሮ፣ በጠላቂው ልብስ ላይ የመሐንዲሱን የፎክስን ፊት ቀረጸበት። ቤተሰቡ ቢቃወምም የዎከርን ፊት የያዘው ሐውልት የቆመው በ2001 ነው።