ግራንት አቬኑ፤ ከቃጠሎ በኋላ የተነሣው የቻይናውያን ገበያ

በአሜሪካ አገር በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ግራንት አቬኑ የሚባል የገበያ መንገድ አለ። የቀድሞ ስሙ ዱፖን ሲሆን፣ ከከተማይቱ ጥንታውያን መንገዶች አንዱ ነው። በ1848 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ያስተውል) በካሊፎርኒያ ወርቅ መገኘቱ በተሰማ ጊዜ ከካንቶን አካባቢ ብዙ ቻይናውያን ባሕር ተሻግረው መጡ፤ ከእነርሱም መካከል ነጋድያኑ በዚህ መንገድና በዙሪያው ሱቅ ከፈቱ። ሻይ፣ ሐር፣ የሸክላ ዕቃና የአገራቸውን መድኃኒት ይሸጡ ነበር።

ሱቁ የቻይናዊው ይሁን እንጂ መሬቱ በአብዛኛው የነጮች ነበረ፤ ኪራዩም ከሌላው ሰፈር ይበልጥ ነበር። በ1882 ዓ.ም. የወጣው ሕግ የቻይና ሠራተኞች ወደ አሜሪካ እንዳይገቡ ሲከለክል ነጋዴዎችን ግን አልነካም። ከዚህም የተነሣ በአንድ ሱቅ ውስጥ ድርሻ መያዝ ከሚያስገኘው ትርፍ ይልቅ የመግቢያ መብት በመሆኑ ይፈለግ ነበር። ሕጉ የተሻረው በ1943 ዓ.ም. ነው።

ሚያዝያ 18 ቀን 1906 ዓ.ም. ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ደረሰ፤ ተከትሎ የተነሣውም እሳት የቻይናውያንን ሰፈር ፈጽሞ አመድ አደረገው። ፍሙ ገና ሳይበርድ የከተማው ሹማምንት ኮሚቴ አቋቁመው፣ ቻይናውያኑ በከተማው ዳርቻ ሀንተርስ ፖይንት ወደሚባለው ስፍራ እንዲዛወሩ ተመከረ። መሬቱ በከተማው እምብርት የሚገኝ ስለ ነበረ ብዙ ዓይን አርፎበት ነበር። ዳሩ ግን ሐሳቡ ሊፈጸም አልቻለም። የቻይና መንግሥት መልእክተኞች የቆንስላው ቤት በነበረበት ቦታ ተመልሶ እንደሚሠራ አስታወቁ። ባለ መሬቶቹም ያን ያህል ኪራይ የሚከፍል ሌላ ተከራይ ከወዴት ያገኙ ነበር? ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ነጋድያኑ ተቀይመው ወደ ሌላ ወደብ ቢሄዱ የምሥራቁ ንግድ አብሮ እንዳይሄድ ተፈራ።

ነጋድያኑ ግን በዚህ ብቻ አልተማመኑም። በመካከላቸው ሉክ ቲን ኢላይ የተባለ በካሊፎርኒያ የተወለደ ነጋዴ ነበረ። በልጅነቱ ወደ ቻይና ሄዶ በ1884 ዓ.ም. ሲመለስ ወደብ ላይ ተከልክሎ፣ በፍርድ ቤት የአገሩ ተወላጅነት ከተረጋገጠለት በኋላ የገባ ሰው ነው። እርሱና ጓደኞቹ ገንዘብ አሰባስበው የሕንፃ ሥራውን ለሮስና ለበርግሬን፣ ማለትም ለነጭ ባለሙያዎች፣ ሰጡ። በካሊፎርኒያ ስትሪት ማዕዘን ሲንግ ቾንግና ሲንግ ፋት የተባሉት ትላልቅ መደብሮች ባለ ፓጎዳ ጣራ ሆነው ተነሡ፤ ሌሎችም ተከተሉ። በ1907 ዓ.ም. ይኸው ሰው የካንቶን ባንክን ከመሠረቱት አንዱ ሆነ።

እውነቱን ለመናገር እነዚህ ሕንፃዎች የቻይና አሠራር የላቸውም፤ አካላቸው አሜሪካዊ ሆኖ የቻይና ቆብ ደፍተዋል። የቻይናን ቤት የሚያውቅ ሰው ፈገግ ሊል ይችላል። ይሁን እንጂ ዓላማው የጥበብ ሳይሆን የንግድ ነበር፤ ቀድሞ ሰፈሩን በቁማርና በኦፒየም ብቻ የሚያውቀው የከተማው ሕዝብ አሁን ለመጎብኘትና ለመግዛት ይመጣ ጀመር። ከተማው የሚኮራበትን ሰፈር ማንሣትም አስቸጋሪ ሆነ።

በ1970 ዓ.ም. በደቡብ ጫፉ የዘንዶ በር ተሠራለት። ሽማግሎቹ እስከ ዛሬ በካንቶን ቋንቋ ዱፖን ጋይ ይሉታል፤ ጋይ ማለት መንገድ ነው። ለወጥ የሚሆን ዓሣና ጎመን የሚፈልግ ባለቤት ግን እዚህ አይገበይም፤ አንድ መንገድ ከፍ ብሎ ስቶክተን ስትሪት ይሄዳል፤ ግራንት አቬኑ ለእንግዳ የተዘጋጀ ነውና።

እንግዳ ላይ የቆመ ገበያ መንገድ ሲዘጋበት ቶሎ ይጎዳል። በ1989 ዓ.ም. ሌላ የመሬት መንቀጥቀጥ የኤምባርካዴሮን ተንጠልጣይ አውራ ጎዳና ሲጎዳው ነጋድያኑ ይጠገንልን ብለው ተሟገቱ፤ ማዘጋጃ ቤቱ ግን በ1991 ዓ.ም. ማፍረስ ጀመረ። በምትኩ የጠየቁት የምድር ውስጥ ባቡር ወደ ሰፈሩ የደረሰው በ2022 ዓ.ም. መጨረሻ ነው።