ጢሮስ፦ በሰው ዕቃ የበለጸገች ከተማ

ላስ ቬጋስ ለሚኖር ኢትዮጵያዊ የመጽሐፍ ቅዱሷን ጢሮስ ማስተዋወቅ ከባድ አይደለም። የሚኖርባት ከተማ በዓመት የምታገኘው ዝናብ ዐሥር ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ከምትጠጣው ውሃ ዘጠና በመቶ ያህሉ በሁቨር ግድብ ከተጠራቀመው የኮሎራዶ ወንዝ ውሃ፣ ከሜድ ሐይቅ ይሳባል። ኔቫዳ ከአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ የበለጠ ወርቅ የሚወጣባት ናት፤ ወርቁ ግን የሚቆፈረው ራቅ ብሎ በሰሜን ነው። ላስ ቬጋስን ያቆማት በዓመት ወደ 40 ሚሊዮን የሚጠጋ እንግዳ ይዞት የሚመጣው ገንዘብ ሲሆን፣ በታክሲ፣ በሆቴልና በካዚኖ ሥራ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ብዙ ወገኖቻችንም የሚኖሩት ከዚሁ ነው። ጢሮስም እንዲሁ የራሷ የሆነ ነገር ያልነበራት ሀብታም ነበረች። ዛሬ በደቡብ ሊባኖስ ሱር የምትባለው ይህች ከተማ በጥንት ዘመን ከባሕሩ ዳርቻ ጥቂት ራቅ ያለች ትንሽ ደሴት ነበረች። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ13ኛው መቶ ዓመት የተጻፈ የግብፅ ጽሑፍ፣ ውሃ በጀልባ እንደሚመላለስላትና ዓሣዋ ከአሸዋ ይልቅ እንደሚበዛ ይናገራል።

ታዲያ የነገሥታት ግምጃ ቤት የቀናባት ሀብት ከየት መጣ? ብዙ ሰው ፈጥኖ የሚመልሰው የኦፊር ወርቅ፣ የሊባኖስ ዝግባ ወይም ሐምራዊ ልብስ ብሎ ነው። እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሞ መነበብ ያለበት ትንቢተ ሕዝቅኤል ምዕራፍ 27 ነው እላለሁ። ነቢዩ ጢሮስን በመርከብ መስሎ፣ መርከቧ ከምን ከምን እንደ ተሠራች አንድ በአንድ ይቆጥራል። ሳንቃው ከሳኔር፣ ምሰሶው ከሊባኖስ፣ መቅዘፊያው ከባሳን፣ ሸራው ከግብፅ፣ የመጋረጃው ሐምራዊ ጨርቅ ሳይቀር ከኤሊሳ ደሴቶች የመጣ ነው። ቀዛፊዎቹ የሲዶናና የአራድ ሰዎች፣ ስንጥቁን የሚደፍኑት የጌባል ሽማግሌዎች፣ ወታደሮቹ ከፋርስ፣ ከሉድና ከፉጥ የተቀጠሩ ናቸው። በዚያች መርከብ ላይ ነቢዩ የጢሮስ ናቸው ያላቸው መሪዎቹን ብቻ ነው፤ መንገዱን የሚያውቁት ጥበበኞች የራሷ ልጆች ናቸው። እንግዲህ የጢሮስ ሀብት ዕውቀት ነበር ብል ከኪሴ ያወጣሁት አይደለም፤ አጥብቆ የገሠጻት ነቢይ ራሱ የመሰከረላት ነው።

ምሳሌ በመሆኑ ብቻ ማስረጃ አይሆንም የሚል ቢኖር መጽሐፈ ነገሥትን ይመልከት። ሰሎሞን ለጢሮስ ንጉሥ ለኪራም፣ ለቤቱ ቀለብ በየዓመቱ 20,000 ቆሮስ ስንዴና ጥሩ ዘይት ይሰፍርለት ነበር፤ ደሴቲቱ እህል አልነበራትምና። በምላሹ ያገኘው የዝግባና የጥድ እንጨት፣ በኋላም ባሕርተኛ ነው። በቀይ ባሕር ጫፍ በዔጽዮንጋብር ሰሎሞን መርከቦች ሲያሠራ ኪራም የላከለት ባሕሩን የሚያውቁ ሰዎችን ነበር፤ እነርሱም ከኦፊር 420 መክሊት ወርቅ ይዘው ተመለሱ። አሁን ከመቶ ዓመት ያህል በኋላ በይሁዳ ወደ ነገሠው ወደ ኢዮሣፍጥ እንሻገር። ወደቡ ያው ዔጽዮንጋብር፣ ምኞቱም ያው የኦፊር ወርቅ ነበር፤ መርከቦቹ ግን ገና ከወደቡ ሳይርቁ ተሰባበሩ። በዚህ ጊዜ የጢሮስ ሰዎች ስም አይነሳም። ወርቁ ደግሞ ተረት አልነበረም፤ ዛሬ ቴል አቪቭ ባለችበት ስፍራ ከተቆፈረ ጥንታዊ ኮረብታ በተገኘ የሸክላ ስባሪ ላይ የኦፊር ወርቅ፣ 30 ሰቅል የሚል የጭነት ማስታወሻ ተጽፎ ተገኝቷል።

እርግጥ ነው፣ መጽሐፈ ዜና መዋዕል የመርከቦቹን መሰበር የሚያስረዳው በሌላ መንገድ ነው፤ ኢዮሣፍጥ ከክፉው የእስራኤል ንጉሥ ከአካዝያስ ጋር ስለ ተባበረ ነው ይላል። ሁለቱ ምክንያቶች ግን አይጣሉም። አንዱ ለምን እንደ ተፈረደበት ይነግረናል፤ ሌላው ደግሞ ፍርዱ የደረሰበት የት ላይ ሆኖ እንደ ነበር፣ ማለትም የይሁዳ መንግሥት ደካማ በሆነበት በባሕር ላይ መሆኑን ያሳየናል። ከዚህ ይልቅ የሚከብደው ጥያቄ የሐምራዊው ቀለም ነው፤ ጢሮስ በገዛ እጇ ትሠራው ነበርና። በ1909 አንድ ጀርመናዊ ኬሚስት 12,000 የባሕር ቀንድ አውጣዎችን ጨምቆ ያገኘው የጠራ ቀለም 1.4 ግራም ብቻ ነበር። እንዲህ ያለ ዕቃ ዋጋ የሚያወጣው የሚገዛው ንጉሥ ያለበትን አገር ለሚያውቅና እዚያ ድረስ ለሚያደርሰው ብቻ ነው። ገዢውን የማያውቅ ሠራተኛ ከልፋቱ የሚተርፈው የቀንድ አውጣ ክምርና ክርፋት ነው፤ ስለዚህ ቀለሙም ቢሆን የንግዱ ልጅ እንጂ አባቱ አልነበረም።

የጢሮስና የጌባል ሰዎች፣ ማለትም ፊንቄያውያን፣ በሒሳብ ረገድ የነበራቸውን ጥንቃቄ ደግሞ ከጠላትም ከወዳጅም ያልሆነ ምስክር ይነግረናል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ11ኛው መቶ ዓመት መባቻ ገደማ ዌናሙን የተባለ የግብፅ ቤተ መቅደስ መልእክተኛ፣ ለአምላኩ ታንኳ የሚሆን ዝግባ ፍለጋ ወደ ጌባል እንደ ሄደ የሚናገር ጽሑፍ አለ። የአምላክን ስም ጠርቶ በነጻ እንዲሰጠው ቢጠይቅ፣ የጌባል ገዢ የአባቶቹን የሒሳብ መዝገብ አስወጥቶ አስነበበለት፤ ፈርዖኖችም ከፍለው እንደ ወሰዱ አሳየው። ወርቅ፣ ብር፣ የተልባ እግር ልብስና 500 ጥቅል ፓፒረስ ከግብፅ ሲደርስ ነው ሊባኖስ ላይ መጥረቢያ የተነሳው። በኋላ ጢሮስ እስከ ካርታጎና እስከ ስፔን ዳርቻ ሰፈር የመሠረተችው በዚሁ ጠባይ ነው፤ ብረት፣ ቆርቆሮና እርሳስ ባለበት ሁሉ የራሷን ሰው ታስቀምጥ ነበር።

ከሁሉም ጠንካራው ተቃውሞ ግን የሃይማኖቱ ነው፦ እግዚአብሔር የፈረደባትን ከተማ ምን ያስመሰግናታል? እዚህ ላይ ማድበስበስ አይገባም። በዚያው በሕዝቅኤል ዝርዝር ውስጥ፣ ከቴርጋማ ፈረስና በቅሎ፣ ከይሁዳ ስንዴና ማር፣ ከደማስቆ ወይን ጠጅ ጋር፣ ከያዋን፣ ከቶቤልና ከሞሳሕ የሚመጡ ሰዎችም ተቆጥረዋል። አሞጽና ኢዩኤልም የጢሮስን ነጋዴዎች የከሰሱት ሰው ስለ ሸጡ ነው፤ ይህን ምንም ጥበብ አያስተሰርየውም። ንግዱን ራሱን ግን መጽሐፍ ቅዱስ ርኩስ አላለውም። ሕዝቅኤል የሚወቅሰው በብልጠቷ ሀብት አከማችታ ልቧ መታበዩንና በንግዷ ውስጥ የገባውን ግፍ ነው፤ ኢሳይያስ ደግሞ በምዕራፍ 23 መጨረሻ የጢሮስ ትርፍ በእግዚአብሔር ፊት ለሚያገለግሉት ምግብና ልብስ የሚሆንበት ቀን እንደሚመጣ ይናገራል። ከበባውም ቢሆን ዕውቀቷን ሊወስድባት አልቻለም። ናቡከደነፆር 13 ዓመት ከብቧት ሲያበቃ፣ ለድካሙ ከጢሮስ ደመወዝ እንዳላገኘ የሚነግረን ሕዝቅኤል ራሱ ነው። እስክንድር በ332 ከክርስቶስ ልደት በፊት ባሕሩን በድንጋይ ሞልቶ ከሰባት ወር ከበባ በኋላ ሰበራት፤ ደሴቲቱም ከየብስ ጋር እንደ ተጣበቀች ቀረች። ሆኖም ሐዋርያው ጳውሎስን የጫነችው መርከብ ጭነቷን ያራገፈችው እዚያው ጢሮስ ነበር፤ እርሱም በዚያ ካገኛቸው ደቀ መዛሙርት ጋር ሰባት ቀን ተቀመጠ።

ይህ ሁሉ ለእኛ የሩቅ ታሪክ እንዳይመስል፣ መጽሐፈ ነገሥት የሳባን ንግሥት ታሪክ የሚተርከው በኪራም መርከቦች ወሬ መካከል መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ የኦፊር ጉዞ ከፊቷም ከኋላዋም አለ። የክብረ ነገሥት ጸሐፊም ይህ ሳይገባው አልቀረም። ንግሥቲቱን ከሰሎሞን ጥበብ ጋር የሚያስተዋውቃት ነቢይ ወይም አምባሳደር ሳይሆን ታምሪን የተባለ 520 ግመሎችና በርካታ መርከቦች ያሉት ነጋዴ ነው፤ ለቤተ መቅደሱ ሥራ ቀይ ወርቅና ነቀዝ የማይበላው ጥቁር እንጨት ይዞ የሄደ። ከዚያ ዘመን እጅግ ቆይቶ፣ በ4ኛው መቶ ዓመት፣ ሜሮጵዮስ የተባለ የጢሮስ ፈላስፋ ሁለት ልጆች ይዞ ወደ ሕንድ ተጓዘ። ሲመለሱ መርከባቸው ውሃና ስንቅ ፍለጋ በቀይ ባሕር ወደብ ቆመች፤ ከሁለቱ ልጆች በቀር የተሳፈሩት ሁሉ ተገደሉ። ልጆቹ አክሱም ቤተ መንግሥት ገብተው አደጉ። አንደኛው ኤዴስዮስ ወደ ጢሮስ ተመልሶ ካህን ሆነ፤ ታሪኩንም ለጸሐፊው ለሩፊኖስ የነገረው እርሱ ነው። ሁለተኛው ፍሬምናጦስ ከእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ከአትናቴዎስ እጅ ጵጵስና ተቀብሎ ወደ አክሱም ተመለሰ። በጎንደርም ሆነ በላስ ቬጋስ ያሉ የኦርቶዶክስ ምእመናን ሐምሌ 26 ቀን የሚያከብሩት የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ጳጳስ አባ ሰላማ ከሳቴ ብርሃን ይኸው ፍሬምናጦስ፣ ከጢሮስ በተነሣ ጉዞ የደረሰ ሰው ነው።