የእናት ፎቶግራፍ እንዴት የዘይት ሥዕል ይሆናል?

«የእናቴን ፎቶግራፍ ብሰጥህ በሸራ ለመሣል ስንት ቀን ይፈጅብሃል?» ዋሽንግተን አጠገብ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ሰው የሚሥል ሠዓሊ ይህን ጥያቄ ሳይሰማ አይቀርም። እውነቱን ለመናገር ብሩሽ የሚያዝበት ሰዓት ያን ያህል ብዙ አይደለም። ቀኑን የሚበላው አንዱ ንብርብር ደርቆ ሌላው እስኪደረብበት ያለው ጥበቃ ነው።

የዘይት ቀለም የተፈጨ ቀለም በተልባ ዘይት ተለውሶ የሚሠራ ነው። የተልባ ዘይት ደግሞ እንደ ውሃ ተንኖ አይደርቅም፤ ከአየር ኦክስጅን እየሳበ ቀስ በቀስ ይጠነክራል። ላዩ ደርቆ ውስጡ ገና ለስላሳ ሊሆን ይችላል። ዘይቱ እርቃኑን ሸራ ካገኘም ክሩን እያደር ስለሚያበሰብሰው፣ ሸራው አስቀድሞ በሙጫ ወይም ጌሶ በሚባለው ነጭ ልባስ ይቀባል።

ከዚያ ነጩን ማጥፋት ነው። በነጭ ሸራ ላይ ማንኛውም ቀለም ከልክ በላይ የጠቆረ ስለሚመስል፣ ሠዓሊው ፈዘዝ ያለ ቡናማ ይለቀልቅበታል። ቀጥሎ ኡምበር የሚባለውን ቡናማ በተርፔንታይን አቅጥኖ ጥላና ብርሃንን ብቻ ያስቀምጣል፤ የዓይን ጉድጓድ፣ የአፍንጫ ጎን፣ ከአገጭ በታች ያለው ጨለማ። ኡምበር የሚመረጠው በውስጡ ያለው ማንጋኒዝ መድረቁን ስለሚያፋጥነው ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ሥዕሉ የሚያልቀው እዚህ ነው። በቡናማው እናትህን ያልመሰለች ሴት ቀለም ስለጨመሩላት አትመስልም።

ቀለሙ ሲመጣ ብዙ ጀማሪ የእኛን ፊት ጥላ በጥቁር ይሞላና ፊቱን ይገድለዋል። የተቃጠለ ኡምበርና አልትራማሪን ሰማያዊ ተቀላቅለው የሚሰጡት ጨለማ ግን ሕይወት አለው። ግንባር ላይ የሚያበራውም ንጹሕ ነጭ አይደለም፤ መስኮት አጠገብ ለተቀመጠ ሰው ወደ ሰማያዊ ያዘነብላል።

ሕጉ አንድ ነው፦ ከታች ስስ፣ ከላይ ቅባታም። ዘይት የበዛበት ንብርብር ዘግይቶ ይደርቃል፤ በላዩ ፈጥኖ የሚደርቅ ስስ ቀለም ከተደረበ፣ የታችኛው ሲንቀሳቀስ የላይኛው ይሰነጠቃል። መጨረሻ ላይ የሚመጣው ግሌዝ ነው፤ ቀለም ጠብ ያለበት፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ዘይት። በብርጭቆ ያለ ሻይ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ላይ ሲቀመጥ እንደሚያበራው፣ ብርሃኑ ገብቶ ከታች ነጥሮ ይመለሳል። የጉንጭ ሙቀት የሚመጣው ከዚህ ነው።

የንብርብር ቅደም ተከተል የሠዓሊው ፊርማ ነው ማለት ይቻላል። ዋሽንግተን የሚገኘው ናሽናል ጋለሪ ኦፍ አርት «ዋሽንት የያዘችው ልጅ» የተባለችውን ሥዕል ከሆላንዳዊው ሠዓሊ ከቨርሚር ሥራዎች መድቦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 ግን ባለሙያዎቹ የእርሱ አይደለችም አሉ። ቨርሚር ሻካራውን ቀለም ከታች፣ በደንብ የላመውን ከላይ ያደርጋል፤ የዚህች ልጅ ሠዓሊ ግን ገልብጦታል።

ሥራውን በዓይኑ ማየት የሚፈልግ እዚያው ዋሽንግተን አጠገብ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ወንዝ ዳር ወዳለው ቶርፒዶ ፋክትሪ ይሂድ። ሕንፃው የባሕር ኃይል ቶርፒዶ ይሠራበት የነበረ ሲሆን እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ የሠዓሊያን መሥሪያ ሆኗል። መግቢያው ነፃ ነው፤ ሠዓሊው እየሠራ ቆሞ ማየትና መጠየቅም ይቻላል።

ሥዕሉን ከተረከባችሁ በኋላ ከማሞቂያ በላይ አትስቀሉት። ቫርኒሽ ለመቀባትም አትቸኩሉ፤ ቀለሙ በወፍራሙ ከተቀባ ስድስት ወርና ከዚያ በላይ መጠበቅ የተለመደ ነው። በግንቦት ለሚውለው የእናቶች ቀን እንዲደርስላችሁ ከፈለጋችሁ ደግሞ ፎቶግራፉን ለሠዓሊው ከገና በፊት ስጡት።