በራያ አፈር ውስጥ ያሉት የማሾ ባክቴሪያዎች

ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጂን ነው፤ ማሽላም ሆነ ጤፍ ግን ከዚያ ላይ ቅንጣት እንኳ መውሰድ አይችሉም። ከሚችሉት መካከል ራይዞቢያ የሚባሉት የአፈር ባክቴሪያዎች ይገኛሉ። በጥራጥሬ ስር ገብተው ጥቃቅን እባጮች ይሠራሉ፤ ተክሉ ስኳር ይመግባቸዋል፣ እነሱም የአየሩን ናይትሮጂን ተክሉ ሊጠቀምበት ወደሚችል መልክ ይለውጡለታል። ሆላንዳዊው ቤይሪንክ በ1888 እ.ኤ.አ. ለይቶ ያወጣቸውን እነዚህን ፍጥረታት በራያ ያለው የቆቦ ገበሬ ያለ ላቦራቶሪ ሊመረምራቸው ይችላል፦ ማሾው ሲያብብ ስሩን ቆፍሮ እባጩን ቢሰነጥቅና ውስጡ ቀይ ቢሆን ሥራ ላይ ናቸው ማለት ነው።

አኩሪ አተር ከምሥራቅ እስያ የመጣ እንግዳ በመሆኑ የሚስማማውን ባክቴሪያ በብዙ ማሳችን አያገኝም፤ ለዚህ ነው በፓዌና በጅማ ዘሩን ባክቴሪያውን በያዘ ሕያው ማዳበሪያ ማሸት የሚመከረው። ብራዚላውያንም ከውጭ ባስገቡት ባክቴሪያ ብቻ አልረኩም፤ በአገራቸው በሴራዶ አፈር ለዓመታት ከኖሩት መካከል መልሰው ምርጦቹን ለይተዋል። የራያ ቆላ ጉዳይ ከዚህም የቀለለ ይመስለኛል። ማሾ በአፍሪካ አፈር በሰፊው ከሚገኙ ባክቴሪያዎች ጋር ይስማማል፤ ስለዚህ ፍለጋው ከቆቦ ማሳ ቢጀምር ይሻላል። የቆቦን ሙቀትና ድርቅ ተቋቁመው የኖሩት እነሱ ናቸው።

«ቀድሞ ካለ ምን ይጨመራል?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን አፈር ውስጥ መብዛትና መሥራት አንድ አይደለም፤ እባጭ ሠርተው ለተክሉ እምብዛም የማይሰጡ ሞልተዋል። ቁጥራቸው ብዙ ስለሆነ ከሌላ አገር የመጣውን ምርጥ እንኳ ከስሩ ላይ ያስወጡታል። ከዚያው የተመረጠ ጎበዝ ግን ውድድሩን የማሸነፍ ዕድሉ የተሻለ ነው። ዩሪያ ይፈጥናል የሚለውም እውነት ነው፤ 46 በመቶው ናይትሮጂን ነው። ሆኖም ዝናቡ በቀረበት ሙቅ ማሳ ላይ የተበተነ ዩሪያ ከፊሉ ተንኖ ይጠፋል፣ ሲበዛም ጥራጥሬው እባጭ መሥራቱን ይተዋል። በእርግጥ ባክቴሪያው ፎስፈረስን አይተካም፤ አፈሩ ፎስፈረስ ካነሰው ናይትሮጂን መሥራቱም ይደክማል።

የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ቆቦ ላይ የሙከራ ቦታ አለው። እዚያ ከገበሬው ማሳ የተሰበሰቡትን ባክቴሪያዎች፣ ዩሪያንና ምንም ያልተጨመረበትን መደብ ጎን ለጎን ማስተያየት ይቻላል፤ ዝናብ በሚያጥርበት ዓመት ጭምር መሆን ግን አለበት። ከማሾው በኋላ የሚዘራው ማሽላም ይመዘን። የማሾው ነዶ ከነስሩ ተነቅሎ ገለባው ለከብት ሲሄድ ናይትሮጂኑም አብሮ ይሄዳልና፤ መኖ በጠፋበት ዓመት ገለባውን ተው ማለት ስለማይቻል፣ ማሾውን በማጭድ ማጨድና ፍጉን ወደ ማሳው መመለስ የሙከራው አካል ሊሆኑ ይገባል።