ፌስታሉንና ሃይላንዱን የት እናድርገው?

የቤት እመቤት ቤቷን ጠርጋ ጥራጊውን ከደጅ ስትደፋ ሥራው ያለቀ ይመስላታል። በእርግጥ አመድና የድንች ልጣጭ አፈር ሆነው ይቀራሉ። ፌስታልና የሃይላንድ ጠርሙስ ግን እንደዚያ አይበሰብሱም። ክረምት ሲገባ ጎርፍ ከጎንደር ዳገት ጠርጎ ያወርዳቸውና ቦይ ይደፍናሉ፤ ቀሃና አንገረብ ወንዝ ይገባሉ። በደጋው ገጠርም ላም ፌስታሉን ከትርፍራፊ ጋራ ትውጠዋለች፤ ሆዷ ውስጥ ተጠቅልሎ ይገድላታል።

ከሁሉ የከፋው ግን ማቃጠሉ ነው። ቤት ለቤት ስንዞር ፌስታል ለከሰል ማያያዣ ሆኖ ብዙ ጊዜ እናገኘዋለን። ጭሱ መርዝ አለበት፤ በጠባብ ቤት ውስጥ እናትም ያዘለችው ሕፃንም ይስቡታል። ይህን ስንናገር እናቶች «ታዲያ የት እናድርገው?» ይሉናል። እውነታቸውን ነው እኮ።

ከመልሱ አንዱን ከሠዓሊ እንማር። ኤልያስ ስሜ የተባለው የአዲስ አበባ ሠዓሊ ከመርካቶ የተጣለ የኤሌክትሪክ ሽቦና የኮምፒዩተር ቁልፍ እየገዛ፥ ሽቦውን እየጎነጎነ በሠሌዳ ላይ ያያይዘዋል። ሥራው በ2014 ዓ.ም. በቬኒስ የሥነ ጥበብ ትርኢት ቀርቧል። ከሩቅ ሲያዩት ከተራራ ላይ የሚታይ እርሻ ይመስላል፤ ቀረብ ሲሉ ግን ሰው የጣለው ዕቃ ነው። ያን ጊዜ ተመልካቹ «ይህ ሁሉ ከማን ቤት ወጣ?» ማለቱ አይቀርም።

የአገራችን ሴቶችም ለዚህ እንግዳ አይደሉም። በአክርማ ፈንታ የላስቲክ ጆንያ ክር ተርትረው በስንደዶ ላይ እየጠቀለሉ የሚሰፉ አሉ። እንዲህ ያለውን ሥራ በቤትም በትምህርት ቤትም ለመሥራት የሚከተለውን እንጠብቅ።

1ኛ. ፕላስቲኩን ከሌላው ጥራጊ ለይቶ በሳሙና ማጠብና ማድረቅ።

2ኛ. የተባይ መድኃኒት ወይም ማዳበሪያ የነበረበትን ዕቃ ፈጽሞ አለመንካት፤ ለልጅ መጫወቻም ለውሃም አይሆንም።

3ኛ. መቁረጥ፥ መስፋትና መጎንጎን እንጂ በእሳት አለማቅለጥ።

4ኛ. የተሠራውን ሰው በሚያየው ስፍራ ሰቅሎ የስንት ቤት፥ የስንት ሳምንት ጥራጊ እንደ ሆነ መናገር።

ነገር ግን ጌጥ ብቻውን ጥራጊውን አይጨርሰውም። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። ስለዚህ ገበያ ስንወርድ ዘንቢላችንን እንያዝ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።