ነጻነት መቼ ይጀምራል? የፖላንዳዊው አብራሪ የቪቶልድ ዎኩቼቭስኪ ሕይወት

ውድ አንባቢ፣ አንድ ምርኮኛ ነጻ ወጣ የሚባለው መቼ ነው? የእስር ቤቱ በር ሲከፈትለት ነው? ወይስ አገሩ ገብቶ የገዛ ወገኖቹ ሲያምኑት? ይህን ጥያቄ የሚያስነሳ የአንድ ሰው ታሪክ እነሆ። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቪቶልድ ዎኩቼቭስኪ የተወለደው በ1917 ነው። ጓደኞቹ «ቶሎ» እያሉ ይጠሩት ነበር። ስሙ በእኛ ቋንቋ ላለው ትርጉም ለተዋጊ አውሮፕላን አብራሪ የሚስማማ ቢሆንም፣ ሕይወት ግን ይህን ሰው ብዙ አስጠብቃዋለች።

በሰማይ ላይ

በመስከረም 1939 ጀርመንና ሶቭየት ኅብረት ፖላንድን ሲወርሩ፣ እንደ ብዙ የሙያ ባልደረቦቹ ወደ ፈረንሳይ ተሻገረ። ፈረንሳይ በ1940 ስትሸነፍ ደግሞ ወደ ብሪታንያ አመራ። እዚያም በፖላንዳውያን የተቋቋመውን 303ኛ ስኳድሮን ተቀላቀለ። ስኳድሮኑ በብሪታንያ የአየር ውጊያ 126 የጠላት አውሮፕላኖችን እንደጣለ በጊዜው ተመዝግቦለታል። ኋላ የተደረጉ ጥናቶች ቁጥሩን ዝቅ ቢያደርጉትም፣ ከምርጦቹ አንዱ መሆኑ አላጠያየቀም። ዎኩቼቭስኪ መስከረም 15 ቀን 1940 እግሮቹ ላይ ቆሰለ፤ ድኖም ወደ ውጊያ ተመለሰ።

በምርኮ

የካቲት 1942 የቅርብ ጓደኛው ሚሮስዋቭ ፌሪች በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። በወሩ፣ መጋቢት 13 ቀን፣ የዎኩቼቭስኪ አውሮፕላን ፈረንሳይ ላይ ተመትቶ ወደቀና እርሱ ተማረከ። የታሰረው ዛጋን በተባለችው ከተማ በሚገኘው የአየር ኃይል ምርኮኞች ካምፕ ነበር። በዚህ ካምፕ ምርኮኞች የአልጋቸውን ጣውላ እየነቀሉ አሸዋማውን መሬት በመደገፍ፣ ከ100 ሜትር በላይ የሚረዝም ዋሻ ቆፈሩ። በመጋቢት 1944 ሌሊት 76 ሰዎች አመለጡ። ሦስቱ ብቻ ሲተርፉ፣ ከተያዙት መካከል 50ዎቹ በጥይት ተገደሉ። ስድስቱ ፖላንዳውያን ነበሩ።

አገር ቤት

ጦርነቱ በ1945 አበቃ። ዎኩቼቭስኪ የ303ኛው ስኳድሮን የመጨረሻ አዛዥ ሆነ፤ ስኳድሮኑም በ1946 ፈረሰ። አሁን ምርጫ ፊቱ ተደቀነ፦ በስደት መቅረት ወይስ በኮሚኒስቶች እጅ ወደ ወደቀች አገሩ መመለስ? በ1947 ተመለሰ። አዲሱ መንግሥት ግን ከምዕራብ የመጡትን አብራሪዎች በጥርጣሬ ያይ ነበር። ዝነኛው አብራሪ ስታኒስዋቭ ስካልስኪ ተይዞ ሞት ተፈረደበት፤ ቅጣቱ ተቀይሮለት የተፈታው በ1956 ነው። ዎኩቼቭስኪም ወደ አየር ኃይል የመመለስ ዕድል ያገኘው ከዚያ ዓመት የፖለቲካ ለውጥ በኋላ ነበር።

በ1969 አገሩ ወታደራዊ አታሼ አድርጋ ወደ ለንደን ላከችው። በአንድ ወቅት ሰማይዋን ወደ ተከላከለላት ከተማ፣ አሁን የአገሩ ወኪል ሆኖ ገባ። በ1990 ሲያርፍ የኮሚኒስቱ አገዛዝ ወድቆ ነበር።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ይህን ሰው ጠላት ሦስት ዓመት አሰረው፤ ወገኖቹ ደግሞ ዘጠኝ ዓመት ያህል ተጠራጠሩት። የትኛው የሚከብድ ይመስልሃል? ዛሬ በአጠገብህ ከሩቅ ተመልሶ የሚታመንበትን ቀን የሚጠብቅ ሰው ይኖር ይሆን?