የላስታ ሰማይና ጠንካራው ኃይል

ላስታ ውስጥ፣ ከላሊበላ በፊት በነገሠው በዛጔው ንጉሥ ስም የሚጠራው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ዋሻ ውስጥ ስለተሠራ ከዝናብም ከፀሐይም የተጠለለ ነው። የዋሻው ዓለት ሙሉ በሙሉ የማያግደው ነገር ግን አለ፤ ሙዮን ይባላል። የኤሌክትሮን ዘመድ ሆኖ ክብደቱ 200 እጥፍ ያህል የሚበልጥ ቅንጣት ነው። ከዋሻው ውጭ ቆሞ እጁን በዘረጋ ምእመን መዳፍ ውስጥ በየሰከንዱ ቢያንስ አንድ ሙዮን ያልፋል።

ሙዮኖቹ የሚወለዱት 15 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው። ከህዋ የሚመጣ ፕሮቶን ወደ ብርሃን ፍጥነት ተጠግቶ ከአየሩ ናይትሮጅን ወይም ኦክስጅን አስኳል ጋር ይጋጫል። ጄኔቭ አጠገብ ያለው የቅንጣት ምርምር ማዕከል ሰርን 27 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ባለው ቀለበት ውስጥ ፕሮቶኖችን ያጋጫል፤ ላስታ ላይ ግን ግጭቱ ያለ ማሽን ቀን ከሌሊት ይካሄዳል። አገሩ የራሱ ልዩነትም አለው። የምድር የመግነጢስ ወገብ ኢትዮጵያን አቋርጦ ስለሚያልፍ፣ ጉልበቱ ወደ 15 ቢሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት (የቅንጣቶች ጉልበት መለኪያ) ያልደረሰ ፕሮቶን በዚህ ሰማይ ቀጥ ብሎ መውረድ አይችልም። በዋልታዎቹ አካባቢ የሚገቡት ደካሞቹ እዚህ ይመለሳሉ።

ፕሮቶን በውስጡ ኳርክ የሚባሉ ቅንጣቶች አሉት፤ የሚያስተሳስራቸውም ጠንካራው ኃይል ነው። የመሬት ስበትም ሆነ መግነጢስ ሲርቁት ይላላል። ይህኛው ግን ኳርኮችን ለማለያየት ሲሞከር እንደ ተወጠረ ጠፍር ከ10 ቶን በሚበልጥ ጉልበት ወደ ኋላ ይስባል። ጠፍሩ ሲበጠስም ብቸኛ ኳርክ አይወጣም፤ የተጠራቀመው ጉልበት ራሱ አዳዲስ ኳርኮችን ይወልዳል፣ እነርሱም ተጣምረው በአብዛኛው ፓዮን ይሆናሉ። ከፓዮኖቹ መካከል የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው ፈርሰው ሙዮን ይሰጣሉ። ከዚያው ግጭት የሚፈናጠሩ ኒውትሮኖች ደግሞ ናይትሮጅንን ወደ ካርቦን-14 ይለውጣሉ። በቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ከድንጋይ ጋር እየተፈራረቀ የተደረደረው እንጨት፣ ዛፍ ሳለ ከአየር የሳበው ይህንንም ካርቦን ጭምር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1973 ዴቪድ ግሮስ፣ ፍራንክ ዊልቼክና ዴቪድ ፖሊትዘር፣ ኳርኮች እጅግ ሲቀራረቡ ኃይሉ እንደሚዳከም በስሌት አሳዩ፤ በ2004 ኖቤል ተሸለሙበት። ስለዚህ ኳርክና ኳርክ ፊት ለፊት ሲላተሙ የሚሆነውን በወረቀት ላይ ማስላት ይቻላል። ከላስታ በላይ ያለው አብዛኛው ግጭት ግን እንዲህ አይደለም። ፕሮቶኑ አስኳሉን ታክኮ ያልፋል፣ ኃይሉም በሙሉ ብርታቱ ይሠራል፤ ያኔ የተለመደው ስሌት ይከሽፋል። ተመራማሪዎች ከንድፈ ሐሳቡ የወሰዱትን መርህ ከሙከራ ከተገኘ ቁጥር ጋር አዋህደው ሞዴል ከመሥራት ሌላ አማራጭ የላቸውም። ሞዴሉን የሚያርሙት በሰርን ልኬት ነው፤ ሆኖም የሰርን ትልልቅ መመዝገቢያዎች በአመዛኙ የሚይዙት ወደ ጎን የሚፈናጠረውን ነው። በአየር ላይ ግጭቱን እያባዙ ወደ ታች የሚያወርዱት ግን ወደ ፊት የሚገሰግሱት ናቸው።

ለእኔ ከዚህ የበለጠ የሚያጓጓ የፊዚክስ ጥያቄ ጥቂት ነው፤ ሞዴሎቹ ስተው ተገኝተዋልና። አርጀንቲና ውስጥ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሸፈነው የፒየር ኦዤ ጣቢያ፣ ጉልበታቸው ከሰርን ግጭት አሥር እጥፍ ያህል የሆኑ የአየር ላይ ግጭቶችን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2016 ውጤቱን አወጣ። የሙዮኖቹ ምልክት ከሞዴሎቹ ትንበያ ከ30 እስከ 60 በመቶ ገደማ በልጦ ነበር። ሰርን እ.ኤ.አ. በ2025 በዚያ ቀለበት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የኦክስጅን አስኳሎችን ያጋጨው በከፊል ለዚህ ነው፤ ኦክስጅን አየሩ ከተሠራባቸው ነገሮች አንዱ ነውና።

ወደ ዋሻው ዓለት እንመለስ፤ አንድ ሜትር ዓለት ከሙዮን ላይ ግማሽ ቢሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ይቀንሳል። ወፍራም ዓለት ብርቱዎቹን ብቻ ስለሚያሳልፍ፣ ያለፉትን በየአቅጣጫው የቆጠረ ሰው የዓለቱን ውፍረትና ባዶ ቦታውን ይለያል። እ.ኤ.አ. በ2017 ጊዛ በሚገኘው የኩፉ ፒራሚድ ውስጥ ቢያንስ 30 ሜትር የሚረዝም ባዶ ስፍራ መኖሩ የታወቀው በዚህ መንገድ ነው። በይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻም ሙዮን የሚቆጥር መመዝገቢያ ለወራት ቢቀመጥ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ያለው ዓለት የት እንደሚሳሳና የት ክፍተት እንዳለው አንድ ድንጋይ ሳይነካ ማወቅ ይቻላል። ሞዴሉን ብቻ ከማመን ግን ከዋሻው ውጭ፣ ሰማዩ በሚታይበት ቦታ፣ ሁለተኛ መመዝገቢያ ተክሎ ዓለቱ ላይ የሚወርደውን ሙዮን እዚያው መቁጠር ያስፈልጋል።